ሦስት ብስክሌት፣ አንድ መንፊያ፤ የቁም ፓምፕ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ?

የአባይ ማዶ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ብስክሌት አለ፤ ሦስቱም ቫልቫቸው ይለያያል። የእኔው ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ሲሆን ቫልቩ እንደ መኪና ነው። አባቴ ከአዴት ሲመጡ ይዘውት የመጡት ባለ 28 የቻይና ብስክሌት የድሮው ዓይነት ቫልቭ አለው፤ ያ ውስጡ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ የለበሰው። የ14 ዓመቱ ልጄ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ከርሞ ያገለገለ የእሽቅድምድም ብስክሌት አስገዛኝ። የእርሱ ቫልቭ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን አለችው።

አምና ከገበያ የገዛሁት ፓምፕ የግድግዳ ሰዓት የሚያህል መለኪያ አለው፤ እስከ 160 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ይላል። እኔም በዚያ ቁጥር ተታልዬ ነው የገዛሁት። የልጄ ጎማ 100 ይፈልጋል፤ እርሱ ግን መያዣው ላይ ተንጠልጥሎም 70 ላይ ይቆማል። ሰነፍ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። አሁን ደግሞ የፓምፑ አፍ ቫልቩን አልይዝ ብሎ አየር ያፈስሳል። ሌላ ልግዛ ብል ሁለት ለመግዛት ደመወዜ አይፈቅድም። ሦስቱንም የሚችል የትኛው ነው? ከ160 በላይ የሚል ልፈልግ?

ጠጋኙ (ደብረ ማርቆስ)
ያባትህ ብስክሌት በእኔ ጉርምስና ጊዜ የምንነዳው ዓይነት ነውና አንተ ብልህ አትቀየምም። ቁጥሩን ተወው። መለኪያው ላይ 160 ማተም ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። ይልቅ የፓምፑን ቱቦ (አየሩ የሚገፋበትን የቆመውን ብረት እንጂ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ላስቲክ አይደለም) ውፍረት ለካና ንገረኝ። የልጁንም ክብደት ጨምርልኝ።

የአባይ ማዶ
ክር ጠምጥሜ ለካሁት፤ የውጩ ዲያሜትር ሲሰላ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልጁ 42 ኪሎ ነው። ክብደቱ ከፓምፕ ጋር ምን አገናኘው ጋሼ?

ጠጋኙ
ብረቱን ስትቀንስ ውስጡ 32 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የዚህ የውስጡ ክብ ስፋት 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 70 ፒኤስአይ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ገደማ ግፊት ነው። አባዛው፤ 40 ኪሎ ይመጣል። ልጅህ ያለ የሌለ ክብደቱን አሳርፎበታል። 100 ለማድረስ 56 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ ከየት ያምጣው? ሰነፍ ያልከውን መልሰህ ውሰድ።

ስለዚህ ቱቦው የቀጠነውን ግዛ። ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያው 100 በ35 ኪሎ ይደረስበታል። ያንተን ወፍራም ጎማ ለመሙላት ብዙ ጊዜ መውጣት መውረድ ይኖርብሃል፤ እርሱ ግን ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

አፉ ሁለት ቀዳዳ ያለው ይሁን። ለቀጭኑ የተሠራው ቀዳዳ የአባትህንም የድሮ ቫልቭ ይይዛል። ነገር ግን በድሮው ቫልቭ መለኪያውን አትመነው። አየሩ ያችን የላስቲክ ቱቦ ገፍቶ ለማለፍ ተጨማሪ ግፊት ስለሚፈልግ ጎማው ውስጥ ካለው አብልጦ ያሳይሃል። በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ አባትህም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ከመክፈልህ በፊት ሻጩን የአፉ ጎሚኒ (ቫልቩን አጥብቆ የሚይዘው ላስቲክ) ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ጠይቀው። እኔ ዘንድ ተሰብሮ የመጣ ፓምፕ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጎሚኒው አልቆ ነው። ያንተም ያፈሰሰው በዚህ ይመስለኛል። ክዳኑን ፍታና ጎሚኒውን ገልብጠህ ግጠመው፤ ጥቂት ወራት ያገለግልሃል። በቱቦው ውስጥ አየሩን የሚገፋው ክፍል ቆዳ ከሆነ ዘይት ጠብ አድርግበት፤ ላስቲክ ከሆነ ግን የሞተር ዘይት አታስጠጋው፣ ያብጣል።

ኮርቻ (ዳንግላ)
ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። እኔ በየቀኑ በጠጠር መንገድ ስለምመላለስ ወፍራም ጎማ ነው ያለኝ። በቀጭን ፓምፕ ሁለቱን ጎማ ስሞላ ክፍል የሚጀመርበት ሰዓት ይደርሳል። 40 ፒኤስአይ ለሚበቃው ጎማ ሰፊው ቱቦ 23 ኪሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ያንን ማንም ይገፋዋል። የልጁ ብስክሌት ባይኖር አሮጌውን ጠግነው ይያዙት እል ነበር።

በዚያ ላይ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። 2,100 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ግፊት የሚያስገባው አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። በቀጭን ቱቦ ሲሆን ወገብ ይቆረጣል! (ተማሪዎቼ መለኪያውም ይሳሳታል ይሉኛል። አይሳሳትም፤ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ያለውን ልዩነት ነው።)

ጠጋኙ
አስተማሪዋ እውነቷን ነው፤ ለአንቺ ሰፊው ይሻላል። እርሱ ግን ልጅ አለው።

የአባይ ማዶ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጎሚኒውን ገልብጬ ገጠምኩት፤ ማፍሰሱን ተወ። አሮጌው ለእኔና ለአባቴ ይቀራል፤ ደመወዝ ሲወጣ ለልጁ ቀጭኑን እገዛለሁ፤ ለካ ሁለት መግዛቴ አልቀረም። ስሌቱን ሳሳየው ስልኬን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ለእናቱ ሊያሳያት ሄደ። ይቅርታዬንም ተቀብሎኛል፤ የአያቱን ጎማ ግን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምነፋው።