ከሥራ በኋላ ጭንቅላት የሚያሳርፍ ሙዚቃ ጠቁሙኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ ሰሞኑን ቢሮ እናመሻለን። ቤት ገብቼ ጋደም ስል ቁጥሩ ከጭንቅላቴ አይወጣም፤ ያልታረቀው የባንክ ሒሳብ ይመጣብኛል፣ ትከሻዬ እንደተወጠረ ያድራል። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ የሚወጣልኝ የውሃ ድምፅ ያለበት ፒያኖ ነው። ልቤ ረጋ ማለት ሲጀምር ማስታወቂያ ይጮህና ብንን እላለሁ። የአማርኛ ዘፈን ስከፍት ደግሞ ግጥሙን እየተከተልኩ አብሬ አንጎራጉራለሁ፣ እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል። የኛ የሆነ፣ ቃል የሌለው፣ ለስለስ ያለ ነገር የምታውቁ ጠቁሙኝ። ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይጫወትስ ምን ላድርግ? የኮንዶሚኒየም ነገር ታውቃላችሁ፣ ጎረቤት መረበሽም አልፈልግም።

የቀበና ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሞክሪ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ በኋላ መንኩሰው ረጅም ዘመን በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም የኖሩ እናት ናቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ብቻቸውን ነው የሚጫወቱት፤ ከበሮ የለ፣ ባስ የለ። ቀኝ እጃቸው ዜማውን እያዟዟረ ሲሄድ ግራው ዝግ ብሎ ይከተላል፤ አንዳንዴ ቆም ይሉና እንደገና ይቀጥላሉ። ያቺ ቆም ማለታቸው እኔን ትንፋሼን ታስረዝመኛለች። ኢትዮፒክስ ከሚባለው የአልበም ስብስብ 21ኛው ሙሉ በሙሉ የሳቸው ነው፤ በዚያ ብትፈልጊ በቀላሉ ታገኚዋለሽ።

ዋሽንት ወዳድ፦
በፒያኖው እስማማለሁ፤ እኔ ግን ዋሽንት እጨምራለሁ፣ ያለ ማሲንቆና ያለ ከበሮ ብቻውን ሲነፋ። ነፊው አየር ሲስብ ትንፋሹ ይሰማሻል፤ ሳታውቂው አብረሽው መተንፈስ ትጀምሪያለሽ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቁምሽ ትዝታን ነው። ትዝታ ቃል ባይኖረውም ሆድ ያባባል። በተለይ ግማሽ ትዝታ የሚባለው ቅኝት የሞተውንም የራቀውንም ሰው ያስታውስሻል። ለአንዳንዱ ሰው ማልቀሱ ራሱ ያቀልለታል፣ ያም መልካም ነው። በነጋታው ቢሮ የሚጠብቀው ሰው ግን ሲያለቅስ ባያመሽ ይሻላል ባይ ነኝ። ሙሉ ትዝታ ይሻልሻል፣ ፈካ ያለ ነው።

የበገና ተማሪ፦
በገና እንዴት ተረሳ? አሥሩ ጅማቶች ድልድይ ከሚባለው ማረፊያቸው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ያ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ደረት ላይ ይሰማል። የመምህር ዓለሙ አጋን ቅጂ ፈልጊ። ግን እህቴ፣ በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ቃልም አለው። እኔ ሥራ እየሠራሁ ወይም እንቅልፍ እስኪወስደኝ ከጀርባ አላስጮኸውም። መብራቱን ቀንሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ አንዷን መዝሙር እስከ መጨረሻ ስሚያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ተኚ።

ዋሽንት ወዳድ፦
አክብሮቱን እጋራለሁ። ቢሆንም እናቴ የሁዳዴ ሰሞን ከሬዲዮ በገና እየሰማች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት፤ እሱንም ነውር ነው ለማለት ይከብደኛል።

ነርሷ፦
ስለ ሙዚቃው እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ስለ አሰማሙ ልበል። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው አዋቂዎች በየቀኑ ሙዚቃ ሲሰሙ የእንቅልፋቸው ጥራት እንደሚሻሻል አሳይቷል። ቁም ነገሩ በየቀኑ መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ በየምሽቱ አዲስ ነገር ስትፈልጊ አታምሺ፤ ፍለጋው ራሱ ያነቃል። አንዱን መርጠሽ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ስሚ። ጆሮ ማዳመጫ ሰክተሽ አትተኚ፤ ስልኩን ትራስጌሽ ሳይሆን ራቅ አድርገሽ፣ ሰው ቢያናግርሽ በምትሰሚበት ልክ ክፈቺው፣ ለጎረቤትም አያስቸግርም። ትከሻሽ የተወጠረ ከሆነ አየር ስታስወጪ ከምትስቢው አስረዝሚው። እና ቢሮ የምታመሹት ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ፣ የ11 ሰዓቱ ቡና እስከ እኩለ ሌሊት ሰውነትሽ ውስጥ አለ፤ እሱን ሳትቀንሺ ሙዚቃው ብቻውን አይችለውም። ሰኔ አልፎም በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ሐኪም አማክሪ።

ስልክ ጠጋኙ፦
ለማስታወቂያው መፍትሔው ሙዚቃውን አስቀድሞ ስልክሽ ላይ ማውረድ ነው፤ ዳታም ይቆጥብልሻል። ማጥፊያው ላይ፣ አይፎን ከሆነ ሰዓት የሚለውን መተግበሪያ ክፈቺና ታይመር ውስጥ ግቢ። ሲያልቅ የሚሰማው ድምፅ የሚመረጥበትን ዝርዝር እስከ ታች ውረጂ፤ የመጨረሻው ምርጫ ማጫወት አቁም የሚል ነው። እሱን መርጠሽ 40 ደቂቃ ሙዪ፣ በራሱ ዝም ይላል። አንድሮይድ ከሆነ ቪኤልሲ የሚባለውን ነፃ ማጫወቻ ጫኚ፣ የእንቅልፍ ሰዓት መሙያ አለው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ11 ሰዓቱን ቡና ነርሷ እንዴት አወቀችው! ዛሬ በእማሆይ ፒያኖ እጀምራለሁ፣ በገናውን ለእሁድ ምሽት አቆየዋለሁ። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ቪኤልሲን እየጫንኩ ነው። ዋሽንት ብቻውን የተቀዳ የት ይገኛል?

ዋሽንት ወዳድ፦
ዮሐንስ አፈወርቅ ብለሽ ፈልጊ። በባንድ የታጀበውን እለፊውና ዋሽንቱ ብቻውን የሚሰማበትን ምረጪ።