«የልማት ተነሺ» የሚነሣ ነው ወይስ የሚያነሡት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ከወጣ ወዲህ «የልማት ተነሺ» የሚለው ሐረግ ከሰው አፍ አይጠፋም። ቀበሌ ደጃፍ የተለጠፈውን የስም ዝርዝር ስናነብ አንዲት ጎረቤታችን ከርዕሱ «ተነሺ» የምትለዋን ለይተው አነበቡና «ቆሜ እያነበብሁ ከየት ነው የምነሣው?» ብለው አሳቁን። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ሰዋስዉ ግን ከነከነኝ። ተነሺ የሚነሣ ነው ወይስ የሚያነሡት? ከ«ተፈናቃይ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ለሴት የሚሰጠው ትእዛዝና የሰው መጠሪያ የሆነው ስም በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ «የልማት» የሚለው ቃል ከፊት ባይቆም ኖሮ ሁላችንም እንደ እርሳቸው እናነበው ነበር።

«ተነሣ» ሁለት ፊት ያለው ግስ ነው። ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ በራሱ ነው፤ አውቶቡስም ከመናኸሪያ ይነሣል። «ማዕዱ ተነሣ» ስንል ግን ያነሣው ሰው አለ፤ ይህኛው የ«አነሣ» ተደራጊ ነው። ሹም «ከሥልጣኑ ተነሣ» ሲባል ወዶ ሄደ ብሎ የሚሰማ የለም፤ ወዶ ቢሆንማ «ለቀቀ» ይባል ነበር። የልማት ተነሺም ከሹሙ ወገን ነው። መልኩ የአድራጊ ይመስላል እንጂ ፍቺው የተደራጊ ነው። «ተከሳሽ»ን ያስቡ፦ ራሱን የከሰሰ ሰው አይደለም።

የሕጉን አማርኛ ማየት ደግሞ ይጠቅማል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 በርዕሱ የሚያነሣው የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ለንብረት ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት» የሚል ጨመረበት። ሰውየው ከንብረቱ ጎን ርዕስ ላይ ስፍራ ያገኘው በዚህ ነው። ይዞታው ግን በሁለቱም «የሚለቀቅ» ነው፤ አስለቃቂው ከግሱ ውስጥ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ቃሉ በቢሮ የተወደደው ለዚህ ጸጥታው ነው።

«ተፈናቃይ» እንዲህ ጸጥ አይልም። ከ«ፈነቀለ» የመጣ ነውና ድንጋይ ከተቀበረበት ሲፈነቀል የሚሰማው ኃይል አብሮት አለ። ስለዚህ የጎርፍ ተፈናቃይ፣ የጦርነት ተፈናቃይ እንላለን፤ «የጎርፍ ተነሺ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ተነሺ ሲባል ከኋላው ዕቅድ፣ ግምት፣ ካሳና ምትክ ቦታ ይጠበቃል። እነዚህ ሲጓደሉበት ነው ባለጉዳዩ «ተነሺ አትበሉኝ፣ ተፈናቃይ ነኝ» የሚለው፤ ቃሉን አልሳተም።

ሌላ አባል፦ መላሹ «ልማት»ን ዘለሉት። «ለማ» ድሮ የመሬትና የሀብት ቃል ነው፤ ጠፍ የነበረው ሲታረስ፣ ሲያፈራ ለማ ይባላል። ይልማና ለማ ብለን ልጆቻችንን የምንሰይመውም ከዚሁ ነው። በከተማ አማርኛ ግን «የለማ መሬት» ማለት መንገድ፣ ውኃና መብራት የገባለት ለግንባታ የተዘጋጀ ቦታ ሆኗል፤ አንድ ዘለላ እህል ባይበቅልበትም ለምቷል። የተነሺ ጓደኛ የሆነው «አልሚ»ም ከዚህ የመጣ ነው።

መልስ፦ ተገቢ ጭማሪ ነው። አልሚ ግን ጓደኛው ብቻ ሳይሆን የሰዋስው ተቃራኒው ነው፦ «አለማ» ተሻጋሪ ስለሆነ አልሚ በእርግጥ አድራጊ ነው፤ አንዱ ያደርጋል፣ በሌላው ላይ ይደረጋል። «የልማት» የሚለውም እንደ «የመኪና ባለቤት» ባለቤትነትን አያመለክትም፤ እንደ «የጦርነት ተፈናቃይ» ምክንያቱን ነው የሚነግረን።

ጠያቂው ለሚጽፉት ነገር ብዙ ቁጥሩ ካስፈለገዎት «ተነሺዎች» ይበሉ፤ አዋጁም የያዘው እሱን ነው።