ታቦርና አላሙራ ይከለሉ፣ የእሳት ዕቅድም ይኑራቸው፦ ለሀዋሳ ከተማ ምክር ቤት የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለከተማው ምክር ቤት የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ ተነጋግረን እንቋጨው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅድ የሚያዘው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ዘግይተን ካስገባን የሚመጣው በጋ ያመልጠናል።

ረቂቁ ለጊዜው ሁለት ጥያቄ አለው። የታቦርና የአላሙራ ተዳፋት ወሰኑ ተለክቶ በምክር ቤት ውሳኔ ይከለል። ለሁለቱም ተራሮች የእሳት መከላከያ ዕቅድ ይውጣ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ውሳኔ፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ እንዲያልፉ አጥብቄ እለምናለሁ። ከተነጣጠሉ መከለሉ ቶሎ ይጸድቃል። የእሳቱ ዕቅድ ግን ጭስ እስኪታይ ድረስ የሚያነሳው ሰው አይኖርም።

አስጎብኚ፦
በመከለሉ መቶ በመቶ እስማማለሁ። እንዲያውም ቃሉ ይጥበቅ። «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ» ተብሎ ይጻፍ። እንግዳ ይዤ ታቦር ስወጣ ሐይቁም ከተማውም ከላይ ወለል ብሎ ይታያል። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው የተቆረጠ ጉቶ ላይ ነው። አንዱ ለከሰል፣ አንዱ ለማገዶ፣ ሌላው ፍየሉን ሊያበላ ይወጣል። ትንሽ ከተፈቀደ ሁሉም ይገባል። ጥቂት ዓመት ጥርቅም አድርገን ብንዘጋው ተራራው ራሱ ያገግማል።

የአላሙራ ግርጌ ነዋሪ፦
ልጄ፣ የምትለው ገብቶኛል። ጉቶው እኔንም ያመኛል። ግን እኔ የምኖረው ከሥሩ ነው። ክረምት ያበቀለውን ሣር ጥቅምት ላይ አጭደን ላሞቻችንን እናበላለን። የተረፈውን ለጋሪ ፈረስ እንሸጣለን። ከነጭራሹ አትግቡ ካላችሁን ያ ሣር የት ይሄዳል? ቆሞ ይደርቃላ። ጥር ላይ አንዱ የሲጋራ ቁራጭ ቢጥል፣ ወይ ከሰል ያከሰለ ሰው ፍሙን ሳያጠፋ ቢሄድ፣ ማን ይቃጠላል? ጭሱን ቀድመን የምናየውም፣ ቀድመን የምንደርሰውም እኛ ነን። በአጥር ካባረራችሁን በኋላ ኑ እሳት አጥፉ ብትሉን እንመጣለን፤ ቤታችን ነውና። ግን ልባችሁ ይወቀው፣ ያኔ የምንመጣው ለተራራው ብለን አይሆንም።

ጡረታ የወጣ የደን ባለሙያ፦
እትዬ ዋናውን ነገር ተናግረውታል። እኔ ትንሽ ሰፋ ላድርገው።

እሳት ሙቀት፣ አየርና የሚበላው ነገር ይፈልጋል። ነፋሱን አናዝም። የበጋውን ፀሐይም አንከለክልም። በእጃችን ያለው የሚበላው ነገር ብቻ ነው። ከንክኪ ነጻ የተደረገ ቦታ ላይ ቶሎ የሚመጣው ሣር ነው። ዛፉ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከለለ ቦታ ከድሮው ይልቅ ለእሳት የተመቸ ይሆናል። ባህር ዛፍ ካለበት ደግሞ ይብሳል። ቅጠሉ ዘይት አለው። ቅርፊቱ እየተላጠ ከሥሩ ይከመራል። የተቀጣጠለ ቅርፊት በነፋስ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ሌላ እሳት ይለኩሳል።

ሌላው ነገር ዳገቱ ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያደርቀዋል። ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሽቅብ ከሚመጣ እሳት በላይ ሰው አይቆምም። ይህ በዕቅዱ ውስጥ ጎላ ተደርጎ ይጻፍልኝ። ልጆቻችን ለምለም ቅርንጫፍ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይሮጣሉ። ቅን ናቸው፤ ግን በዚያ መንገድ ሰው ይሞታል።

የእሳት መከላከያ መስመሩም ዳገቱ መሃል ላይ አይሁን። ሸንተረሩ ላይ ይሁን፤ እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይዳከማል። ማጨድ ብቻም አይበቃም። በዶማ እስከ አፈሩ ድረስ ይጠረግ፣ በየዓመቱ ህዳር ላይም ይታደስ።

የ1992 ዓ.ም. እሳት የምታስታውሱ አላችሁ። በባሌና በቦረና ከ100,000 ሄክታር በላይ ነደደ። ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ሳይቀር ባለሙያ መጣ። የለፋው ግን የአገሩ ሰው ነበር፤ በመጨረሻም የደረሰለት ዝናቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል የእስራኤል እሳት አጥፊዎችና የኬንያ ሄሊኮፕተር ተጠሩ። ያ ፓርክ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። መመዝገቡ እሳቱን አላገደውም። ለእኛ ለታቦር ሄሊኮፕተር የሚልክልን የለም። ቀድመን መዘጋጀት አለብን።

አስጎብኚ፦
እሺ ጋሼ፣ ሣሩ ይታጨድ። ግን ማጭድ ይዞ የገባው ሰው ነገ መጥረቢያ ይዞ እንዳይገባ ምን ያግደዋል? እኔ የምፈራው ይሄንን ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ውል ነው። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማህበረሰብ ደንና የማህበር ደን የሚባሉትን ያውቃል። ከተራራው ሥር ያሉት ነዋሪዎች ተደራጅተው ከከተማው ጋር የጽሑፍ ውል ይግቡ። ምን እንደሚወስዱ፣ መቼ እንደሚወስዱ፣ በምትኩ ምን እንደሚጠብቁ ይጻፍ። መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ሰው ያኔ የሚያፈርሰው የጎረቤቶቹን ውል ነው። ጎረቤት ዝም አይልም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድሩን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ቦታው ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈት ነበር። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣ ነበር። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ።

ደብዳቤው መግቢያ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 92 እንጥቀስ። በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሕዝብ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የእትዬ ሰፈር ሳይጠየቅ ወሰን መለካት የለበትም።

መምህር፦
መንዝ ድረስ ሳንሄድ እዚሁ ሲዳማ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ አለልን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በበዓሉ ላይ የጎሳ መሪዎችና ሽማግሌዎች ሕዝቡን ከሚመክሩበት ነገር አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው። በበዓሉ አደባባይ በጉዱማሌ ይህን ምክር እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው ነገ መስመር የሚጠርጉት። ሽማግሌዎቹ በአስተባባሪ ኮሚቴው ውስጥ መቀመጫ ይኑራቸው። ለፎቶ ሳይሆን፣ ውል ያፈረሰውን ሰው ለመዳኘት።

የአሞራ ገደል አሳ አስጋሪ፦
ከቃጠሎው በኋላ ስላለው ማንም አላነሳም። ሐይቃችን መውጫ የለውም። የገባበት አፈር እዚያው ይቀራል። ታቦር በየካቲት ቢቃጠል መጋቢት ላይ ዝናብ ይመጣል። አመዱም አፈሩም ተጠርጎ ይወርዳል። ዓሣው የሚራባው ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ጨለለቃ ረግረጉ ሲደርቅ አይተናል፤ እሱ የሚያጣራልን ነገር ቀርቷል። በዚህኛው ወገን ደግሞ እንዲህ አይነት ነገር አይድገመን። የተቃጠለ ተዳፋት ዝናብ ሳይመጣ ክትርና እርከን ይሠራለት የሚል ይግባ።

ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ። የሰማሁትን ይዤ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«የታቦርና የአላሙራ ተዳፋት ወሰን፣ ከሥራቸው የሚኖሩ ነዋሪዎች ባሉበት ተለክቶ፣ ከእሳት መከላከያ ዕቅዱ ጋር በአንድ ውሳኔ ይጽደቅ። ዛፍ መቁረጥ፣ ከሰል ማክሰልና ልቅ ግጦሽ ይከልከል። ሣር ማጨድ ግን በውል ይፈቀድ፤ ከታኅሣሥ በፊትም ይጠናቀቅ። የመከላከያ መስመር በሸንተረሩ ላይ ይውጣ፤ በየዓመቱ ህዳር ላይ ይታደስ። የተቃጠለ ቦታ ቀጣዩ ዝናብ ሳይገባ የአፈር ጥበቃ ሥራ ይሠራለት። የውል ጥሰትን የነዋሪ ተወካዮችና ሽማግሌዎች ያሉበት ኮሚቴ ይይ።»

የደን ባለሙያ፦
የመሣሪያውን ነገር ጨምርበት። ዶማ፣ አካፋ፣ በጀርባ የሚታዘል የውሃ መርጫ፣ ወፍራም ጫማ። ውድ ነገር አይደለም። በየቀበሌው አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ቁልፉም ቅርብ ሰው ጋ ይሁን። የእሳት አደጋ መኪና ዳገት አይወጣም፤ ከሥር ውሃ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ግን ከአሁኑ ይመረጥለት። ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ አሠልጣኝ በደብዳቤ እንጠይቅ። እኔ ደብዳቤውን አዘጋጃለሁ።

አስጎብኚ፦
«በውል» የምትለዋ ቃል ካለች እኔም እፈርማለሁ። የበጋውን ወራት የጭስ ቅኝት እኛ አስጎብኚዎች እንያዝ። ለማንኛውም በየቀኑ ተራራው ላይ ነን።

የአላሙራ ግርጌ ነዋሪ፦
አንድ ነገር ብቻ። የአጨዳውን ቀን ማን ይቆርጣል? ቢሮ ተቀምጦ የሚቆርጥ ሰው ሣሩ ሳይደርስ ይከፍተዋል፣ ወይ ደርቆ ካለቀ በኋላ። «ቀኑን ቀበሌው ከአጫጆቹ ጋር ተመካክሮ ያወጣል» በሉልኝ።

ጸሐፊ፦
ገብቷል እትዬ። ሌላ ማስተካከያ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ። ዓርብ ጠዋት ታትሞ የሁላችንም ፊርማ ያርፍበታል። ወደ ምክር ቤቱ ስንሄድ እርስዎም ከእኛ ጋር ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ የአጨዳውን አንቀጽ እርስዎ ያስረዱልን።