ክርክር፦ የ1964ቷ ኢምፓላ ወደ ፋብሪካ መልኳ ትመለስ ወይስ እንደተሠራች ትቆይ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ለሽያጭ ቀርባለች። ባለ ሁለት በር ናት፣ ከላይ እስከ ታች ሎውራይደር፣ ማለትም ወደ መሬት ዝቅ ብላና አጊጣ ቀስ ብላ የምትነዳ መኪና፣ ሆና ተሠርታለች። ቀለሟ ካንዲ ቀይ ነው፣ ጣሪያዋ በጥለት ተሞልቷል። ፖርታ ባጋሊዋ ውስጥ መኪናዋን በፈሳሽ ግፊት ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ሁለት የሃይድሮሊክ ፓምፕና ስድስት ባትሪ ተደርድሯል። ቸርኬዎቿ ባለ 13 ኢንች፣ የሽቦ ናቸው።

አንድ ወዳጃችን ሊገዛት ነው። ያሰበው ግን ሁሉንም ነቅሎ፣ ቀለሙን ልጦ፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ሊያደርጋት ነው። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ጉዳዩ ደግሞ የሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ መኪኖች ቅርስ ናቸው ወይስ የተበላሸ ቅርስ? የሕዝብ መንገድ ላይስ ቦታ አላቸው? ሐሳባችሁን ወርውሩ።

የድሮ መኪና ሰብሳቢ፦
እኔ ከወዳጃችሁ ጋር ነኝ። ፋብሪካው አንዴ ነው የሠራት። ሌላ የ1964 ኢምፓላ አይመረትም።

አንድ ነገር ግን ቅድሚያ ይታይ። በዚያ ዓመት ኢምፓላ ኤስ ኤስ፣ የስፖርት ዓይነቱ፣ ራሱን የቻለ ሞዴል ነበር፣ የሻንሲ ቁጥሩም ይናገራል። በ41447 ከጀመረ ባለ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር የኤስ ኤስ ኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር፣ ናት። በ41847 ከጀመረ ባለ ቪ8 ተራ ኢምፓላ ናት። ቁጥሩ ያለው የሹፌሩን በር ከፍታችሁ ማጠፊያው ያለበት ምሰሶ ላይ ነው። ኤስ ኤስ ሆና ከተገኘች በመጋዝ የቆረጣት ሰው በድሏታል። በደል ደግሞ ሃምሳ ዓመት ስለቆየ ቅርስ አይሆንም።

አወያይ፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩን ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ እናያለን። ግን በባለቤቷ ስም የምትጠራውን ዝነኛ መኪና፣ የሂሮሃታን መርኩሪ አስታውስ። የ1951 መርኩሪ ናት። በ1952 መኪና እየቀየሩ የሚሠሩት የባሪስ ወንድማማቾች ጣሪያዋን ዝቅ አደረጉ፣ ላሜራዋን ቆርጠው እንደገና ቀጠሉ። በ1959 አንድ ወጣት በ500 ዶላር ገዛት። በዚያ ጊዜ ያረጀች የጎረምሳ መኪና ነበረች። ያ ልጅ ወደ ፋብሪካ መልኳ ልመልሳት ብሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቃወመውም ነበር። እሱ ግን አሥርት ዓመታት ይዟት ቆየ፣ በኋላም ባሪሶች በሠሯት መልክ አሳደሳት። በ2022 ጨረታ ላይ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ያልተነካ የ1951 መርኩሪ ወደዚያ ዋጋ ዝር አይልም።

የገንዘቡ ነገር አይደለም ያስጨነቀኝ። ሰው የከፈለው ለፋብሪካው ሥራ ሳይሆን ለባሪሶች እጅ ነው። ይህችም ኢምፓላ የሰው እጅ ያረፈባት ናት። ስማቸው አይታወቅ ይሆናል። ስማቸው ስላልታወቀ ሥራቸው ይፋቅ?

መካኒክ፦
እናንተ ስለ መልክ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ከታች ገብቼ ነው የማየው።

የ1964 ኢምፓላ ሻንሲ የኤክስ ቅርጽ ነው። መሀል ላይ ይገናኛል፣ በበሮቹ ስር በጎን የሚያልፍ ብረት የለውም። ጀነራል ሞተርስ ለኢምፓላ ይህን ሻንሲ የተጠቀመው ከ1958 እስከ 1964 ነው። አሁን ባትሪዎችና ፓምፖች ከኋላ ጫኑበት። ከዚያ አንሡት፣ ጣሉት፣ አዘልሉት። ያልተጠናከረ ከሆነ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪዎች ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በብረት ያለብሱታል። ብየዳው ጥሩ ከሆነ ከፋብሪካው ይጠነክራል። መጥፎ ከሆነ ደግሞ በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ።

ፍሬኑን አትርሱ። የ1964 መኪና የፍሬን መስመሩ አንድ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ይከዳችኋል። ባለ ሁለት መስመር ካልተደረገለት፣ ኦሪጅናል ነው ብዬ የማወድሰው ነገር አይደለም።

ወደ ፋብሪካ መልኳ እመልሳለሁ ለሚለው ወዳጃችን ደግሞ ልንገረው። በብረት የተለበሰ ሻንሲ ተመልሶ አይራቆትም። ሌላ ሻንሲ ያስፈልገዋል። ሌላ ሻንሲ ማለት ሌላ ኢምፓላ ማፍረስ ማለት ነው። አንዷን አድናለሁ ብሎ ሁለት መኪና ሊያጠፋ ነው።

የክሬንሾ አካባቢ ነዋሪ፦
ስለ ውበቱ አልከራከርም። ግን እሑድ ማታ ሎውራይደሮች የሚሰበሰቡበት የሎስ አንጀለሱ ክሬንሾ ጎዳና ላይ ሆናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ ይዘጋል። ሥራ ውዬ ቤቴ ለመግባት አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ይወስድብኛል። መኪናዋ አፍንጫዋን ስታነሳ ሕዝብ ይከባታል፣ ልጆች አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ። ቅርስ ከሆነ ሙዚየም ይግባ። መንገድ የሁላችንም ነው።

የታሪክ ተማሪ፦
እህቴ፣ ቅሬታሽ ይገባኛል። መንገዱን እስኪዘጉ የሚቆሙትን እኔም አልደግፍም። ግን "መንገዱን ይልቀቁ" የሚለው ነገር ታሪክ አለው።

ካሊፎርኒያ ከ1958 ጀምሮ የመኪናው አካል ከቸርኬው ታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለች። ይህ ሕግ በተለይ ያስጨነቀው መኪና ዝቅ አድርገው የሚነዱ የሜክሲኮ-አሜሪካውያን ወጣቶችን ነበር። ፖሊስ ባቆማቸው ቁጥር ቅጣት። ከዚያ በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ወጣት ኮርቬት መኪናው ላይ ሃይድሮሊክ አስገጠመ። ከአውሮፕላን የተረፈ ፓምፕ ነው የተጠቀመው። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ዝቅ ይላል። እዚያ ፖርታ ባጋሊ ውስጥ ያሉት ፓምፖች የመጡት ከዚያ ነው።

ብዙ ከተሞችም በዝግታ እየነዱ መዞርን ከለከሉ። ሳክራሜንቶና ሳን ሆዜ በ2022 ክልከላቸውን አነሱ። ከዚያ በመላው ግዛት ኤቢ 436 የተባለው ሕግ ወጣ። ከጥር 2024 ጀምሮ የከተሞቹ ክልከላም የቁመቱ ሕግም ቀርቷል።

ሙዚየም ይግባ ላልሽው፣ ገብቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየም ስሚዝሶኒያን አንድ የኒው ሜክሲኮ ሎውራይደር አለው። በጽጌረዳ ሥዕል የተሸፈነችው የ1964 ኢምፓላ ጂፕሲ ሮዝ ደግሞ በ2017 በአሜሪካ የታሪካዊ መኪኖች መዝገብ ገብታለች። ግን እነዚህ መኪኖች የተሠሩት ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው ሲያልፉ እንዲታዩ ነው።

የክሬንሾ አካባቢ ነዋሪ፦
በመቀጣታቸው በጣም አዝናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ግን ሕጉ ተነሳ ማለት መንገድ መዝጋት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሰዓትና ቦታ ይወሰንለት።

አወያይ፦
ሰዓትና ቦታ ላይ እስማማለሁ።

ስለ ቀለሙ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ወዳጃችን ልጦ ሊጥለው የተነሳው እሱን ነውና። ካንዲ ቀለም እንደ ተራ ቀለም አንዴ ተነፍቶ አያልቅም። መጀመሪያ ብርማ ወይም ወርቃማ መደብ ይነፋል። ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ በስሱ ይደረብበታል፣ እንደገና ይደረብበታል። በላዩ ጥርት ያለ መከላከያ ይለብሳል። አንዱ ቦታ ላይ እጅ ትንሽ ከቆየ ያ ቦታ ይጠቁራል። ሲጫር ደግሞ የተጫረውን ብቻ አስመስሎ መንፋት እጅግ ከባድ ነው። በፎቶው እንዳየሁት ኮፈኑ፣ በሮቹና የኋላው ላሜራ አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። ይህን የሠራ ሰው እጁ የተባረከ ነው። ከፋብሪካ መስመር ከወጣ ቀለም በምን ያንሳል?

ጋሼ መካኒክ፣ ቅዳሜ ከወዳጃችን ጋር አብረው ሄደው ቢያዩልን?

መካኒክ፦
እሄዳለሁ። ሻጩ በሊፍት እንዲያነሳት ይነገረው፣ በክሪክ አልገባበትም። የኋላ ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት እጆች የሚታሰሩበትን ቦታና የኤክሱን መገናኛ ካላሳየኝ አትግዛ ነው የምለው። ሊብሬውም ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይመሳከር።

የድሮ መኪና ሰብሳቢ፦
ጋሼ፣ ሁለት መኪና ማፍረስ ያሉትን አላሰብኩበትም ነበር፣ ከባድ ነጥብ ነው። ቁጥሩን ግን አንብበው ይላኩልኝ። 41447 ከሆነች ክርክሬን አልተውም።