ናሮውቦት ልገዛ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

የወልቨርተኗ

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር፣ ሚልተን ኪንስ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ስኖር ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሥራ የምሄደው በግራንድ ዩኒየን ካናል ዳር ባለው የእግር መንገድ ነው። ጀልባዎቹን በየቀኑ ሳይ ከርሜ አሁን ልቤ ቆርጧል፤ አንድ ገዝቼ እዚያው ላይ መኖር እፈልጋለሁ።

ያየሁት ናሮውቦት (ጠባቡ የካናል ጀልባ) ርዝመቱ 57 ጫማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ። 42 ሺህ ፓውንድ ብለውኛል። ውስጡ ሲበዛ ያምራል፤ ኩሽናውም ወለሉም አዲስ ነው። ሻጩ «አምና ከውኃ አውጥቼ ታቹን ጥቁር ቀለም አስቀብቼዋለሁ፣ ለሰርቬየር (ለጀልባ መርማሪ) ገንዘብሽን አታባክኚ» አለኝ።

ሰርቬየር የግድ ነው? ቋሚ ማቆሚያ ከሌለሽ በየ14 ቀኑ መንቀሳቀስ አለብሽ ይሉኛል፤ ይሄ ከሥራ ጋር ይሄዳል? ብቻዬን ሆኜስ ሎክ የሚባለውን ባለ በር የውኃ ክፍል ማለፍ እችላለሁ? የዊንተሩ ነገርም ያሳስበኛል። መኪና እነዳለሁ፣ ጀልባ ግን ነክቼም አላውቅ።

ቀስ ብሎ ተጓዥ

እህቴ፣ እንኳን ከመግዛትሽ በፊት ጠየቅሽ። ጀልባ ላይ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም አንቺ ባለሽበት መስመር፣ ከሌይተን ባዛርድ እስከ ብራውንስተን ነው።

ኩሽናውን ለጊዜው እርሺው። የተሰበረ ቁም ሳጥን በአንድ ቅዳሜ ይጠገናል። የምትገዢው ብረቱን ነው፣ ብረቱ ደግሞ ውኃ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ጥቁር ቀለሙ ዝገትን ያዘገያል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልስም። እንዲያውም ትኩስ ቀለም ችግሩን ይሸፍነዋል።

እኔ መጀመሪያ ልገዛው የነበረው ጀልባም «አዲስ ቀለም» የተባለለት ነበር። ሰርቬየሩን ራሴ ቀጠርኩ፤ ሻጩ የሚጠቁምሽን ሰው እንዳትወስጂ። ጀልባው ከውኃ ወጣ። ሰርቬየሩ መዳፍ የምታክል ቦታ በመፋቂያ ፋቀ፣ ጄል ቀባ፣ የአልትራሳውንድ መለኪያውን አስጠጋ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ብረቱ ላይ ጻፈ። 5.8። አንድ እርምጃ ሄዶ 5.6። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ደረሰ። ውኃው ከአየር ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ 3.4 ጻፈ። ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ዞሮ አየኝ። ምንም መናገር አላስፈለገውም።

ቁጥሩ ምን ማለት መሰለሽ? በአንቺ ጀልባ ዘመን በተሠሩት ላይ የተለመደው ውፍረት ከታች 10፣ ከጎን 6፣ ጣራው 4 ሚሊሜትር ነው። ጎኑ ከ4 በታች ከወረደ ብዙ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ሙሉ ሽፋን አይሰጡም። ያኔ ያለሽ አማራጭ በላዩ ሌላ ብረት ማስበየድ ነው። ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ጀልባውም ከብዶ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀብድ ብትከፍዪ እንኳ «ምርመራው ካልተስማማኝ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል በጽሑፍ ያዢ።

57 ጫማ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ከ70 ጫማዎቹ በተሻለ ብዙ ቦታ ይገባል፤ በሰሜን በኩል ያሉት አንዳንድ ሎኮች አጫጭር ናቸው።

ወረቀቱን በአጭሩ ልንገርሽ። ካናሎቹን ከሚያስተዳድረው ከካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ፈቃድ ያስፈልግሻል። ፈቃዱን ለማግኘት ኢንሹራንስና በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ይሄኛው ምስክር ወረቀት ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚያየው ጋዙን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ነዳጁንና እሳቱን ነው፤ የብረቱን ውፍረት አይመለከትም። ሻጩ «ሰርተፊኬቱ አዲስ ነው» ቢልሽ ስለ ታቹ ምንም አልነገረሽም ማለት ነው። ለመንዳት ግን መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ቢሆንም የሁለት ቀን ኮርስ ውሰጂ፣ አትቆጪበትም።

የ14 ቀኑ ነገር ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብሪቲሽ ዋተርዌይስ አዋጅ ላይ አለ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ሰው በእውነት እየተጓዘ መኖር አለበት፣ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ታመሽ ወይም ሞተር ተበላሽቶብሽ ከሆነ ቀድመሽ ደውዪና ንገሪያቸው፤ ሕጉ ራሱ በቂ ምክንያት ላለው ቦታ ይተዋል። ሁለት ሰፈር መካከል ወዲያና ወዲህ ማለት ግን ጉዞ አይባልም። ዓመቱን ሙሉ ከ20 ማይል ያነሰ ክልል ውስጥ የከረመ ሰው ፈቃዱን ማደስ ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ቋሚ ማቆሚያ የሌላቸው በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ይከፍላሉ፤ ስትደምሪ እንዳትረሺው።

ከሥራ ጋር ይሄዳል ወይ ላልሽው፣ ይሄዳል። እኔ ሳምንቱን የማቅደው በባቡር ጣቢያ ነው። ሌይተን ባዛርድ፣ ብሌችሊ፣ ወልቨርተን፤ ሁሉም ለካናሉ ቅርብ ናቸው፣ ወልቨርተን እንዲያውም አጠገቡ ነው። ቅዳሜ ጀልባዋን አንቀሳቅሳለሁ፣ ሰኞ ከሌላ ጣቢያ እሳፈራለሁ።

መንዳቱን ከፌኒ ስትራትፎርድ በስተሰሜን ጀምሪ። ከዚያ እስከ ኮስግሮቭ አንድም ሎክ የለም፤ እጅሽ እስኪለምድ ተለማመጂበት። መሪው ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ስትገፊው አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀልባው የሚዞረው ወገቡ ላይ ስለሆነ ጅራቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ፍሬን የለውም፣ የምታቆሚው ማርሹን ወደ ኋላ አስገብተሽ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሪው አይታዘዝሽም። ከፊት ለፊት ጀልባ ሲመጣ ቀኝሽን ያዢ። ፍጥነት በሰዓት ከ4 ማይል አይበልጥም፤ የቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ግን ሞተሩ ዝም ብሎ እንዲንተከተክ ብቻ ተዪው። ማዕበልሽ የሰው ካስማ ይነቅላል፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ውኃ ሰው ላይ ይደፋል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትሰሚኝ የምፈልገው። ካናል ላይ ጀልባ የሚሰምጠው ባብዛኛው በአውሎ ነፋስ አይደለም፤ በተረሳ ነገር ነው።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ስቶክ ብሩርን አካባቢ ጀልባዋ ጉልበት አጣች፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ወጣ። ፕሮፔለሩ ላይ ነገር ተጠምጥሟል ማለት ነው። ዳር አስጠግቼ አሰርኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ዊድ ሃች የሚባል ክዳን አለ፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ነው፣ ከፍተሽው ክንድሽን ታስገቢያለሽ። ኅዳር ነበር፣ ውኃው አጥንት ይሰብራል። የአልጋ አንሶላ ነው። በዳቦ ቢላ እየቆረጥኩ ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። መሽቶ ነበር። እጄ ደንዝዞ ክዳኑን መለስኩት፣ ማጥበቂያውን ግን በደንብ አላጠበቅኩትም። ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የገባ ውኃ የሚያስወጣው ፓምፕ ከጎኗ ውኃ ሲተፋ አየሁ፣ አላቋርጥ አለ። የእግሬን ሥር ሳንቃ ሳነሳ ውኃው ጊርቦክሱ ላይ ደርሷል። ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር በዚያ ክዳን በኩል ውኃውን ወደ ውስጥ እየገፋው ነበር። ወዲያው ሞተሩን ስላጠፋሁ ብቻ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ ክዳኑን ከዘጋሁ በኋላ ሳንቃውን አልመልስም። ጀልባዋን እንደታሰረች ማርሽ አስገብቼ አንድ ደቂቃ በባትሪ ብርሃን አየዋለሁ። ጠብታ ካለ እጀምራለሁ እንደገና። ማታ ሞተር ስታጠፊ ደግሞ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበትን የግሪስ ማጥበቂያ ትንሽ አዙሪው፤ ካልሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል።

እናት በጀልባ

ወንድሜ ስለ ታቹ ብሏል፣ እኔ ስለ ውስጡ ልጨምር። ሁለት ልጆች ጀልባ ላይ አሳድጌያለሁ።

ዊንተር ላይ የሚያሞቅሽ የከሰል ምድጃው ነው። ሙቀቱ ግሩም ነው፣ ጥያቄ የለውም። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ይሄን ጋዝ የሚጠቁመው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለደኅንነት ምስክር ወረቀቱ ግዴታ ሆኗል። አንድ አይበቃም፤ እኔ ሁለት አለኝ፣ አንዱ መኝታችን ጋ ነው። ብርድ ገባ ብለሽ የአየር መግቢያዎቹን በጨርቅ እንዳትደፍኚ። ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል፤ እባክሽ አታድርጊው።

የምድጃው በር ዙሪያ ገመድ መሳይ ማሸጊያ አለው። በየወሩ እሳት ሳይኖር ወረቀት በሩ ላይ አድርጊና ዝጊው፣ ከዚያ ሳቢው። ወረቀቱ ያዝ ካደረገ ደህና ነው። በቀላሉ ከወጣ ማሸጊያው አልቋል፣ ለውጪው። ያገለገለ ጀልባ ስትገዪ ይሄንን ሙከራ እዚያው ሻጩ ፊት አድርጊው።

መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል፣ ፍራሹም ከሥሩ ይረጥባል። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያስገባ ነገር አድርጊ። ለሽንት ቤት ካሴት፣ ማለትም ተነቅሎ የሚወጣ ማጠራቀሚያ፣ ያለው ይሻልሻል፤ ሁለት ካሴት ይኑርሽ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላውን ታስገቢያለሽ። ማስወገጃ ቦታዎቹ በካርታ ላይ አሉ። በፓምፕ የሚመጠጠው የሽንት ቤት ዓይነት ለማስመጠጥ መጓዝ ይጠይቃል፣ ካናሉ በረዶ ሲሠራ ደግሞ አትንቀሳቀሺም። ቀጭን በረዶ እንኳ ብትሰብሪ ጫፉ ያንን ጥቁር ቀለም ይልጠዋል።

ባትሪዎቹ የድሮው የሊድ አሲድ ከሆኑ ከግማሽ በታች እንዳታወርጃቸው፣ ዕድሜያቸው ያጥራል። ዲሴምበር ላይ ሶላሩ ምንም አይሰጥሽም ብትዪ ይቀላል፤ ሞተር ታስነሺያለሽ። ቆመሽ ሞተር ማስነሳት ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት አይፈቀድም፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ።

ሐኪም ጋ ለመመዝገብ አድራሻ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። ጂፒዎች ያለ ቋሚ አድራሻም መመዝገብ አለባቸው። እኔን አንድ ጊዜ እንግዳ ተቀባዩዋ ልትመልሰኝ ስትል በትሕትና ይሄንኑ ነገርኳት፣ ተመዘገብኩ።

የወልቨርተኗ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ለሻጩ ደውዬ ከውኃ ካልወጣ አልገዛም አልኩት። ትንሽ አኩርፎ ነበር፣ በኋላ ተስማማ። ሰርቬየር በራሴ አግኝቻለሁ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። የሎኩ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ብቻዬን ሆኜ መውረድ ያስፈራኛል።

ቀስ ብሎ ተጓዥ

ጎበዝ! እውነትሽን ነው፣ ሎኩን ዘለልኩት።

ብቻሽን ትችያለሽ፤ እኔ ዘጠኙንም ዓመት ብቻዬን ነኝ። ሎክ ማለት ሁለት ጫፉ ላይ በር ያለው የውኃ ክፍል ነው። ውኃ ሲሞላ ትወጫለሽ፣ ሲጎድል ትወርጃለሽ። ስትወርጂ አደጋው ከኋላሽ ነው። የላይኛው በር ሥር ደፍ አለ። ሎኩ ሲሞላ በውኃ ስለተሸፈነ አይታይም። ጅራትሽ እሱ ላይ ካረፈ ውኃው ሲጎድል ኋላሽ ተንጠልጥሎ ይቀርና አፍንጫሽ ይደፋል። ግድግዳው ላይ የደፉን መጨረሻ የሚያሳይ ነጭ መስመር አለ፤ ከእሱ በጣም ወደፊት ሁኚ።

ከጀልባው መሃል የሚነሳውን ገመድ ይዘሽ ውጪ። ሎኩ ዳር ያለው ማሰሪያ ምሰሶ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪው፣ ጫፉን በእጅሽ ያዢ። አትቋጥሪው! ስትወርጂ የተቋጠረ ገመድ ጀልባውን ይሰቅለዋል። ዊንድላሱን፣ ማለትም የውኃ ማስተላለፊያውን የምታዞሪበትን እጀታ፣ ሥራ ስትጨርሺ ዘንጉ ላይ ትተሽ እንዳትሄጂ፤ ካመለጠ ይሽከረከርና ክንድ ይሰብራል። ማስተላለፊያውን መጀመሪያ ግማሽ ክፈቺ፣ ዓይንሽን ከጀልባው ጅራት አታንሺ። የሆነ ነገር ከያዘው ወዲያው ዝጊ። ከላይ በኩል ውኃ መልሰሽ ብትሞዪ ይነሳል። ከኋላሽ የቆመ ሰው ቢቸኩል ይጠብቅ።

የመጀመሪያሽ ፌኒ ስትራትፎርድ ይሁን። ከፍታው ከአንድ ጫማ ብዙም አይበልጥም፣ ሥርዓቱን ያለ ፍርሃት ትለምጂበታለሽ። ስቶክ ብሩርን ያሉትን ሰባቱን ከሌላ ጀልባ ጋር ግቢ፤ ሎኩ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይይዛል፣ ሥራውም ይካፈላል።

ሐሙስ የማይቆጭሽን ልብስ ልበሺና አብረሽው ሁኚ። የኋላውን የውኃ መስመር በደንብ እንዲለካልሽ ጠይቂው። ከዚያ ውስጥ ግቢና ብረቱን ለማየት የሚከፈተውን የወለል ክዳን አስነሺ። አዲስ ወለል አለው ስላልሽ ነው የምለው፤ ክዳኑ ተደፍኖ ከሆነ እንዲከፈት ጠይቂ። እጅሽን አስገብተሽ ብረቱን ዳስሺው። እርጥብ ከሆነ ለሰርቬየሩ ንገሪው፣ ብረት ከውስጥም ይበላል። ቁጥሮቹን ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊልን።