ለሞዴል ባቡር ፉርጎ መስኮት የሚሆነው የትኛው ነገር ነው?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአዋሽ ተነሥቶ በከተማችን በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ሲሠራ ካየሁ ጀምሮ የመንገደኛ ፉርጎዎችን በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ፣ ከወፍራም ካርቶን እሠራለሁ። በዚህ ልኬት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው የ1435 ሚሊ ሜትር ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አካሉና ጣሪያው ደኅና ወጥተውልኛል፤ ያስቸገረኝ መስኮቱ ነው። መጀመሪያ ከማስታወቂያ ሠሪ ያገኘሁትን የ2 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ቁራጭ ሞከርሁ፤ ፉርጎውን የዓሣ ማኖሪያ ገንዳ አስመሰለው። ከዚያም ከውሃ ጠርሙስ ቆርጬ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ስመለከት ስምንቱም መስኮቶች ጉም እንደ ወረደባቸው ነጥተው፣ የጣቴ አሻራ ሳይቀር በነጭ ጎልቶ ወጥቶባቸው ነበር። ምን ዓይነት ፕላስቲክ፣ በምን ማጣበቂያ ብጠቀም ይሻላል?

መልስ (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ወንድሜ፣ ከጥራቱ በፊት ውፍረቱን ያስሉ። ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ አክሪሊክ በ87 ሲባዛ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያህል ወፍራም መስታወት ያለው ፉርጎ የለም። ከ0.2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነገር ይፈልጉ። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለጥራዝ የሚያለብሱት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ጠፍጣፋ ስለሆነ ከጠርሙሱ እጅግ ይሻላል፤ ጠርሙሱ የክብ ቅርጹን ስለማይረሳ ቢያስተኙትም ብርሃን ሲያርፍበት ይወላገዳል።

የነጣው ግን ፕላስቲኩ ከፍቶ አይደለም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ተን በአጠገቡ ባለ ንጹሕ ገጽ ላይ፣ በተለይም የጣት ወዝ በነካው ቦታ፣ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ የወንጀል መርማሪዎች አሻራ ለማውጣት የሚጠቀሙትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ሱፐር ግሉን ለአካሉ ብቻ ያድርጉት፤ ለመስኮቱ አናጺዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እየነኩ በክፈፉ ዙሪያ ያስቀምጡ። ሲደርቅ ጥርት ይላል።

መልስ (ከደሴ፣ ሆጤ)

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ዓመታት ሁሉ የምጠቀመው አሮጌ የራጅ ፊልም ነው። የቤተሰባችንን ፊልም ስም የተጻፈበትን ጥግ ቆርጬ ከጣልሁ በኋላ በረኪና ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ጥቁሩ ሽፋን እንደ ቅቤ ሲላላ በለስላሳ ስፖንጅ አሸት አድርጌ በብዙ ውሃ አጥበዋለሁ። የሚቀረው ፖሊስተር ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና በቀላሉ የማይጨማደድ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች ቀለል ያለ ሰማያዊ ቀለም አላቸው፤ ይህም የዘመኑን ፉርጎ ባለ ቀለም መስታወት በሚገባ ይመስላል። ጓንት አድርገው ከቤት ውጭ ይሥሩ፤ በረኪናውን ከሎሚም ሆነ ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ።

ፖሊስተር ኮላን በደንብ ስለማይዝ፣ ከክፈፉ ጀርባ የሚደበቀውን 2 ሚሊ ሜትር ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ኮላውን እዚያ ላይ ብቻ ያድርጉ። ቀለምና ቫርኒሹንም መስኮቱን ከመግጠምዎ በፊት ቀብተው ይጨርሱ፤ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ በመስኮት ላይ ካረፈ ያደበዝዘዋል።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

እውነተኛ መስታወት ለሚወዱ፣ ለማይክሮስኮፕ የሚሆነው ስስ መሸፈኛ ከ0.13 እስከ 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ነጸብራቁን ፕላስቲክ አይተካውም። ነገር ግን ሲቆረጥ ስንጣሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ለጀማሪ አልመክርም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአባቴን የቆየ የራጅ ፊልም አጥቤ ሁለት መስኮት በወረንጦ ይዤ ገጠምሁ። ሌሊቱን ደርቆ አደረ፤ ጠዋት ፀሐይ ከወዲያኛው ወገን ሲመታው የወንበሮቹ መደገፊያ አንድ በአንድ ታየኝ። ስድስቱ እስኪገጠሙ ድረስ ጣሪያውን ሳላጣብቅ አቆየዋለሁ።