«ኒውሰንስ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የአማርኛ አቻ ፍለጋ እርዳታ እጠይቃለሁ

እንግሊዝ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ተከራዮች የሚሆን የመብትና ግዴታ መመሪያ እየተረጎምኩ ሳለ «ኒውሰንስ» የሚለው ቃል ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። በተራ ንግግር ቃሉ የሚያሰለች ሰውን ወይም ነገርን ስለሚያመለክት፣ መጀመሪያ «ነዝናዛ»ን እና «አስቸጋሪ»ን አስቤ ነበር፤ ጎረቤትን በነዝናዛነት መክሰስ ግን ያስቃል።

የቃሉን ምንጭ ስመረምር፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል የመጣና «መጉዳት» ከሚለው የላቲን ግሥ «ኖኬሬ» የተወለደ ሆኖ አገኘሁት። ንጹሕ ሰውን የሚያመለክተው «ኢኖሰንት»ም ከዚያው ሥር ወጥቶ፣ በጥሬ ትርጉሙ «የማይጎዳ» ማለት መሆኑ አስገርሞኛል። በጊዜ ብዛት የዕለት ተዕለቱ ፍቺ ከጉዳት ወደ መሰልቸት ሲለዝብ፣ ሕጉ ግን ጠንከር ያለውን ፍቺ ይዞ ቀርቷል፤ በዚህም ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት የጎረቤትን የመሬት ወይም የቤት አጠቃቀም ከመጠን በላይ ሲያውኩ ቃሉ ይሠራባቸዋል።

«ሁከት» ብዬ እንዳልተረጉመው፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት የሚቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባል ክስ በይዞታ ላይ የሚፈጸም ጣልቃ ገብነትን ስለሚመለከት፣ አንባቢውን ያሳስትብኛል ብዬ ሰጋሁ። «ጠንቅ» ለሥሩ ይቀርባል፤ ይሁንና ለሌሊት ሙዚቃ እጅግ ይከብዳል። ለጊዜው «አዋኪ ድርጊት» ብዬ ጽፌያለሁ።

በሕግ ትርጉም ሥራ ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ አገላለጽ የጉዳቱንም የመታወኩንም ስሜት ይሸከማል ትላላችሁ? የተሻለ ቃል ካላችሁ፣ የመረጣችሁበትን ምክንያት ጨምራችሁ ብትጽፉልኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል።